አንድ ፊልም፣ ዘጠኝ ዳኞች፣ ያልተሰጠ ሽልማት፦ የበርሊን ፌስቲቫል የ1970 ጉዳይ

በጁን 1970 መጨረሻ የበርሊን ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል ሃያኛ ዝግጅቱን ጀመረ። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከየአገሩ የመጡ ፊልሞች ተደርድረዋል፣ ዘጠኝ ዳኞች ተሰይመዋል፣ የፌስቲቫሉ ሽልማቶች የሆኑት ወርቃማውና የብር ድቦቹም አሸናፊዎቻቸውን ይጠብቃሉ። ፌስቲቫሉ ሊያበቃ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ግን ዳኞቹ ሥራቸውን ለቀቁ፣ ውድድሩ ተቋረጠ፣ ድቦቹም ለማንም ሳይሰጡ ቀሩ። ለዚህ ሁሉ መነሻ የሆነው አንድ የምዕራብ ጀርመን ፊልም ነበር። ርዕሱ «ኦ.ኬ.» ይባላል።

የፌስቲቫል አዘጋጆች ስለ ዝግጅታቸው ሲናገሩ ብዙውን ጊዜ የሚያስቀድሙት የአገሮችን ቁጥር ነው። ከሰላሳ አገሮች፣ ከአርባ አገሮች ይባላል፤ ተመልካቹም ዓለም ሙሉ የመጣለት ይመስለዋል። ቁጥሩ የማይነግረን ነገር ግን ፊልሞቹ በማን እጅ አልፈው እንደ መጡ፣ በመንገድ ላይ ማን እንደ ቀረ፣ የገባውንስ መልሶ ማስወጣት የሚችለው ማን እንደሆነ ነው። የበርሊኑን ጉዳይ ደጋግሜ እንዳነበው የሚያደርገኝ ይኸው ነው። የ1970ው ዝርዝር በቁጥርም በስምም የሚያሳፍር አልነበረም። በርናርዶ ቤርቶሉቺ «ኢል ኮንፎርሚስታ»ን ይዞ ቀርቧል፤ ገና ወጣት የነበረው ራይነር ቬርነር ፋስቢንደርም በውድድሩ ውስጥ ነበር። ከዓመት በፊት ወርቃማውን ድብ የወሰደው ደግሞ የዩጎዝላቪያው ዜሊሚር ዚልኒክ ነው። እንዲህ ያለ ዝርዝር የያዘ ፌስቲቫል በአንድ ፊልም ምክንያት ፈረሰ።

ነገሩ እንዲገባን ወደ 1951 መመለስ ያስፈልጋል። ፌስቲቫሉ የተጠነሰሰው በምዕራብ በርሊን በነበረው የአሜሪካ አስተዳደር ውስጥ የፊልም ጉዳይ ኃላፊ በሆነው በኦስካር ማርታይ አነሳሽነት ነው። የመጀመሪያው ዝግጅት በቲታኒያ ፓላስት ሲኒማ ቤት በአልፍሬድ ሂችኮክ «ሬቤካ» ተከፈተ። ከተማዋ ተከፋፍላለች፤ ጦርነቱ ያፈራረሳቸው ሕንፃዎችም ገና አልተነሡም። በዚያ መካከል ፌስቲቫሉ «የነጻው ዓለም መስኮት» እንዲሆን ታሰበ። መስኮቱ የተከፈተው ምሥራቁ እንዲያይበት ነበር፤ ከምሥራቅ የሚመጣ ነገር እንዲገባበት አልነበረም። የሶቭየት ኅብረት ፊልም በርሊን የታየው በ1974 ነው፤ የምሥራቅ ጀርመን ፊልም ደግሞ በ1975። ከአንድ ግንብ ማዶ የሚሠሩ ፊልሞች ወደዚህኛው የከተማው ክፍል ለመድረስ ሃያ አራት ዓመት ፈጀባቸው ማለት ነው። ፌስቲቫሉ በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ራሱን «ዓለም አቀፍ» ይል ነበር።

በዚያ ዘመን ፊልሞች ወደ ፌስቲቫል የሚመጡበት መንገድ የራሱ ችግር ነበረው። ትልልቆቹ ፌስቲቫሎች የሚጋብዙት አገርን ነው። አገሩ፣ ወይም የአገሩ የፕሮዲዩሰሮች ማኅበር፣ «ይወክለኛል» ያለውን ፊልም ይልካል፤ ፌስቲቫሉም በራሱ ምርጫ ጥቂት ይጨምርበታል። የፈረንሳዩ የካን ፌስቲቫል እንኳን የሚያሳያቸውን ፊልሞች ራሱ መምረጥ የጀመረው በ1972 ነው። ከዚህ አሠራር የሚገኘው ልዩነት የባንዲራ ልዩነት ነው። መንግሥት ለእንግዳ የሚያወጣው የክት ልብሱን እንጂ የዘወትሩን አይደለም። ሃያ አገር ሃያ የክት ልብስ ሲልክ ጨርቁ ይለያይ ይሆናል እንጂ በየቤቱ ውስጥ ያለው ኑሮ አይታይም።

አሠራሩ ያረጀ መሆኑ ከ1970 በፊትም ይታወቅ ነበር። በግንቦት 1968 ካን በአገሪቱ አመፅ መካከል ተቋረጠ። በዓመቱ የፈረንሳይ ዳይሬክተሮች ማኅበር ከካን ጎን «የዳይሬክተሮች ሁለት ሳምንት» የሚል የራሱን ዝግጅት ጀመረ፤ የአገር ውክልና የሌለበት፣ ሽልማትም የሌለበት። የጣሊያኑ የቬኒስ ፌስቲቫል ከ1969 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል ሽልማት መስጠት ተወ። በርሊን ይህን ሁሉ ከዳር ሆኖ አየ። ከ1951 ጀምሮ ፌስቲቫሉን የሚመራው አልፍሬድ ባወር በወንበሩ ላይ ነበር፤ አሠራሩም እንደ ነበረ ቀጠለ።

እንግዲህ «ኦ.ኬ.» የገባው በዚህ በር ነው።

ታሪኩ የተወሰደው ከእውነተኛ ወንጀል ነው። በኖቬምበር 1966 ቬትናም ውስጥ አምስት የአሜሪካ ወታደሮች ያሉበት የቅኝት ቡድን አንዲት ወጣት ከመንደሯ ጠልፎ ወሰደ። አራቱ ደፈሯት፤ በማግስቱም ተገደለች። አምስተኛው አልተባበርም አለ፤ ኋላም ለአለቆቹ አመለከተ፤ ጉዳዩ ለጦር ፍርድ ቤት በቃ። ጋዜጠኛው ዳንኤል ላንግ በ1969 «ኒው ዮርከር» መጽሔት ላይ ዘርዝሮ ጻፈው። የጀርመኑ ዳይሬክተር ሚሻኤል ቬርሆቨን ይህን ታሪክ ወሰደ።

የወሰደበት መንገድ ግን እንግዳ ነው። ወደ እስያ አልሄደም፤ ቬትናም የሚመስል ቦታም አልፈለገም። ፊልሙን በባቫሪያ ደን ውስጥ በጥቁርና ነጭ ቀረጸው። መጀመሪያ ላይ ተዋናዮቹ ወደ ካሜራው ዞረው ማን እንደሆኑና ማንን እንደሚጫወቱ በራሳቸው ስም ይናገራሉ። ከዚያ የወታደር ልብሱን እዚያው፣ እያየናቸው ይለብሳሉ። አንድ ተራ ጀርመናዊ ወጣት ቁልፉን ቆልፎ ሲያበቃ አሜሪካዊ ወታደር ሆኗል። ሲናገር ግን ንግግሩ አይለወጥም፤ እስከ መጨረሻው በባቫሪያ ዘዬ ነው የሚናገረው። ልጅቷን የተጫወተችው ኤቫ ማተስ ያኔ 15 ዓመቷ ነበር። አልተባበርም ያለውን ወታደር ቬርሆቨን ራሱ ተጫወተው።

ያ የልብስ መልበስ ትዕይንት ለእኔ የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ ነው። ተመልካቹ «ይህ የእነዚያ ሰዎች ነገር ነው» ብሎ የሚሸሽበትን መንገድ ይዘጋበታል። በርሊን ውስጥ የተቀመጠ ጀርመናዊ የሚሰማው የራሱን አገር ቋንቋ ነው፤ የሚያየው የራሱን አገር ዛፍ ነው። ከሃያ አምስት ዓመት በፊት ሌላ ልብስ ለብሰው የነበሩ አባቶቹንና አጎቶቹን ማሰብ ለማይፈልግ ሰው ይህ ፊልም ዕረፍት አይሰጥም። በዚያ ሳምንት የተነሣው ክርክር ፊልሙን አሜሪካን የሚከስ ብቻ አድርጎ ማየቱ በጣም ያሳዝነኛል። ክሱ በግማሹ ለቤቱ ነበር፤ ያንን ግማሽ ማንም አላነሣውም ለማለት ይቻላል።

የዳኞቹ ሰብሳቢ አሜሪካዊው ዳይሬክተር ጆርጅ ስቲቨንስ ነበር። ይህን ሰው ጠባብ አድርጎ መሳል ቀላል ነው፤ እኔ ግን አላደርገውም። ስቲቨንስ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ጦር የፊልም ቡድን መርቶ አውሮፓን አቋርጧል። የናዚዎቹ የዳካው ማጎሪያ ካምፕ ነጻ ሲወጣ ካሜራ ይዞ ገብቶ ያየውን ቀርጿል። በ1959 የአና ፍራንክን ማስታወሻ ፊልም አድርጎ ሠርቷል። የአሜሪካ ወታደር ለእርሱ የካምፑን በር የከፈተው ልጅ ነው። ቬርሆቨን ደግሞ በ1938 የተወለደ ጀርመናዊ ነው፤ የወታደር ልብስ የለበሰ ሰው ሁሉ ትእዛዝ ሲመጣ ምን ሊያደርግ እንደሚችል የሚጠይቅ ትውልድ ልጅ። ሁለቱም የሚናገሩት ካዩት ነው። እንዲህ ያሉ ሁለት ሰዎችን ፊት ለፊት ማገናኘት ፌስቲቫል ሊሠራው ከሚችለው ሥራ ሁሉ የከበረው ነበር። አዳራሽ ሰጥቶ፣ ተመልካች አስቀምጦ፣ እንዲከራከሩ ማድረግ ይቻል ነበር።

የሆነው ሌላ ነው። ስቲቨንስ የፌስቲቫሉን ደንብ ጠቀሰ። ደንቡ በዚያ ዘመን ፌስቲቫሎች ሁሉ እንደሚጽፉት፣ ዝግጅቱ በሕዝቦች መካከል መግባባትንና ወዳጅነትን እንዲያግዝ ይላል። «ኦ.ኬ.» ይህን አያደርግም፤ ስለዚህ ውድድሩ ውስጥ መቆየት የለበትም የሚል ሙግት ቀረበ። ዳኞቹ በዝግ ስብሰባ ተነጋግረው ድምፅ ሰጡ፤ ሰባት ለሁለት። ሥራቸውን ገትተው ፊልሙ ከደንቡ ጋር ይስማማ እንደሆነ እንደገና እንዲታይ ጠየቁ። ከተቃወሙት አንዱ የዩጎዝላቪያው ዳይሬክተር ዱሻን ማካቬየቭ ነበር። ማካቬየቭ ነገሩ በዝግ በር እንዲያልቅ አልፈቀደም፤ አውጥቶ ለሕዝብ ተናገረ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከማንም እጅ ወጣ። ጋዜጠኞች ማብራሪያ ጠየቁ፤ መግለጫና ማስተባበያ ተከታተለ። ሌሎች ዳይሬክተሮች ከቬርሆቨን ጎን ቆመው ፊልሞቻቸውን ከውድድሩ እናወጣለን አሉ። በአዳራሾቹ ውስጥ የፊልም ማሳያው ሰዓት የክርክር ሰዓት ሆነ። ቬርሆቨን ፊልሙ ፀረ አሜሪካ አይደለም ብሎ ተሟገተ፤ ከራሷ ከአሜሪካ ሕዝብ የሚበዛው ይህን ጦርነት ይቃወማል አለ። በጁላይ መጀመሪያ ዳኞቹ በሙሉ ለቀቁ። ውድድሩ ያለ አሸናፊ ተዘጋ። ቤርቶሉቺም፣ ፋስቢንደርም፣ ከሩቅ አገር ፊልሙን ይዞ የመጣ ስሙ ያልታወቀ ዳይሬክተርም ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። የኋለኞቹ ነገር ሁልጊዜ ይቆጨኛል። ለቤርቶሉቺ ሽልማቱ ቢቀርም ስሙ ይቀራል። ስም የሌለው ሰው ግን ያንን ሳምንት መልሶ አያገኘውም።

ጥፋቱ የት ነው? ብዙዎች ፖለቲካ ገባበት ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ፖለቲካው ከ1951 ጀምሮ ቤቱ ውስጥ ነበር፤ ፌስቲቫሉን የወለደው እርሱ ነው። የተበላሸው ሦስት ሥልጣኖች መደባለቃቸው ነው። ፊልም የመምረጥ ሥልጣን አለ፤ የመራጩ ኮሚቴ ነው። የቀረቡትን የመዳኘት ሥልጣን አለ፤ የዳኞቹ ነው። የገባን ፊልም የማስወጣት ሥልጣን የማን እንደሆነ ግን አልተለየም ነበር። ባለቤት የሌለውን ሥልጣን መጀመሪያ የደፈረ ይወስደዋል፤ በ1970 የደፈሩት ዳኞቹ ሆኑ። ስቲቨንስ ፊልሙን ካልወደደው ድምፁን ሊነፍገው ይችል ነበር። ሰባቱም ሊነፍጉት ይችሉ ነበር። ፊልሙ ሳይሸለም ይቀራል፤ ይኸው ነው። ፊልሙ መኖሩን ለመቃወም ግን የተቀመጡበት ወንበር አይፈቅድላቸውም። ኮሚቴው በሩን ከፍቶ ያስገባውን እንግዳ ዳኛ ሊያስወጣው አይገባም።

ሁለተኛው ጥፋት በደንቡ ውስጥ ያለው ዓረፍተ ነገር ነው። «በሕዝቦች መካከል መግባባት» የሚለው ሐረግ ዓላማ ነው፤ እንደ ዓላማ ሲነበብ ማንም አይጠላውም። ተቆርጦ እንደ ክልከላ አንቀጽ ሲነበብ ግን የማያስወጣው ፊልም የለም። የጦርነት ፊልም ሁሉ አንዱን ወገን ያስቀይማል። ስለ ረሃብ፣ ስለ እስር ቤት፣ ስለ ቅኝ ግዛት የሚናገር ፊልም ሁሉ የሚቆጣ ኤምባሲ አያጣም። መግባባትን ሁሉም ደስ በሚያሰኝ ፊልም ብቻ እናመጣዋለን ካልን የሚተርፈን ያው የክት ልብሱ ነው። የፌስቲቫል ደንብ ለሚጽፍ ሰው ከዚህ ጉዳይ አንድ ነገር ብቻ እንዲወስድ ቢፈቀድልኝ ይህን እለዋለሁ፤ ዓላማህን በመግቢያው ጻፍ፣ ማስወጫውን ለብቻው ጻፍ፣ ማን እንደሚያስወጣና በምን ምክንያት እንደሚያስወጣ በስም ጥቀስ፣ ዳኞችህም ከመቀመጣቸው በፊት አንብበው ይፈርሙበት።

በርሊን ከዚህ ውድቀት በኋላ የሠራው ሥራ ከውድቀቱ የበለጠ ሊጠና ይገባዋል። ሁለት ቀላል መንገዶች ነበሩ። አንዱ ባወርን አንሥቶ በሌላ ሰው መተካት፣ ሌላው ጥቂት ደፋር ፊልሞችን ወደ ውድድሩ ጨምሮ ነገሩን ማብረድ ነው። ባወር በቦታው ቆየ፤ እስከ 1976 ድረስ መራ። ውድድሩም በ1971 ተመልሶ ወርቃማው ድብ ለጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ዴ ሲካ ተሰጠ። ከጎኑ ግን አዲስ ነገር በቀለ፤ ዓለም አቀፍ የወጣት ፊልም ፎረም።

ፎረሙን የያዙት በ1963 የተመሠረተው «የጀርመን ኪነማቴክ (የፊልም ቤተ መዛግብት) ወዳጆች» የሚባል ማኅበር ሰዎች ናቸው፤ ከፊት የቆሙት ባልና ሚስቱ ኡልሪክና ኤሪካ ግሬጎር ነበሩ። ማኅበሩ በጥር 1970 «አርሰናል» የሚባል የራሱን ሲኒማ ቤት ከፍቶ ነበርና ቦታም ልምድም አለው። ዋናው ፌስቲቫል በሚካሄድበት ጊዜ፣ በዚያው ፌስቲቫል ጥላ ሥር፣ ግን በራሳቸው ምርጫ። ባወር ወደ ዝርዝራቸው እጁን አያስገባም፤ እነርሱም ወደ እርሱ። የአገር ውክልና የለም፤ ማንም መንግሥት «ይህን አሳዩልኝ» ብሎ አይልክም። ወርቃማ ድብ የሚሰጥ ዳኛም ስለሌለ፣ 1970ን ያፈረሰው ዓይነት ጠብ የሚነሣበት ወንበር ራሱ የለም።

የሥራቸውን ዝርዝር ስመለከት ከሁሉ በላይ የሚማርኩኝ ትንንሾቹ ነገሮች ናቸው። ለእያንዳንዱ ፊልም የመረጃ ወረቀት ያዘጋጁ ነበር። ዳይሬክተሩ ማን እንደሆነ፣ ፊልሙ በምን ሁኔታ እንደተሠራ ተጽፎ ተመልካቹ እጅ ይገባል። ከማሳያው በኋላ ዳይሬክተሩ ከተመልካች ጋር ይነጋገራል። ከሩቅ የመጣውን የፊልም ቅጂ የግርጌ ትርጉም አሠርተውለት በማኅበሩ የፊልም ክምችት ውስጥ ያስቀምጡታል፤ ፌስቲቫሉ ሲያልቅም ወደ ሌሎች ሲኒማ ቤቶች እየተከራየ ይሄዳል። ይህ የመጨረሻው የሚገባው ሰው የፊልም ቅጂ ምን ያህል ውድ፣ ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ የሚያውቅ ነው። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው የአፍሪካ ወይም የላቲን አሜሪካ ፊልም በፌስቲቫል አንድ ማታ ታይቶ በቆርቆሮ ሣጥኑ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ማኅበሩ ግን ፊልሙን ተቀብሎ፣ አስተርጉሞ፣ አኖረው። የተለያዩ አገሮች ፊልሞችን ሰብስቤያለሁ የሚል ፌስቲቫል ከአሥር ቀን በኋላ እነዚያ ፊልሞች የት እንዳሉ ቢጠየቅ መልስ ሊኖረው ይገባል። ፎረሙ ነበረው።

ነጻነቱ ዋጋ አስከፍሏል። በ1976 የጃፓናዊው ናጊሳ ኦሺማ ፊልም በፎረሙ ሲቀርብ ዐቃቤ ሕግ ብልግና ነው ብሎ ቅጂውን ያዘው፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ ነው የተለቀቀው። እዚህ ላይ ከ1970 ጋር ያለው ልዩነት ግልጽ ነው። ከውጭ የመጣ ክስ ነበር፤ የመረጡት ሰዎች ከፊልማቸው ኋላ ቆሙ። ማንን መጠየቅ እንደሚቻል ይታወቃል፤ መልስ የሚሰጠውም ይታወቃል።

ለረጃጅም ፊልሞችም ቦታ የተገኘው እዚያ ነው። የክሎድ ላንዝማን «ሾአ» ከዘጠኝ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ በ1986 በፎረሙ ታየ። የሃንጋሪው ቤላ ታር ከሰባት ሰዓት በላይ የሚወስድ ፊልሙን በ1994 ያመጣው እዚያው ነው። የውድድር መርሐ ግብር ለእንዲህ ያለ ፊልም ቀዳዳ የለውም፤ በቀን ሁለት ሦስት ፊልም አይተው ማታ መግለጫ የሚሰጡ ዳኞች ዘጠኝ ሰዓት ከየት ያመጣሉ? ልዩነት ሲባል የአገር ልዩነት ብቻ የሚመስለን ከሆነ ርዝመትን፣ ቅርጽን፣ ፊልሙ ለመታየት የሚጠይቀውን ትዕግሥት እንረሳለን።

በዚህ አሠራር የማይመቸኝ ነገር አለ፤ መደበቅ አልፈልግም። የጎን በር ሲከፈት የዋናው በር ጠባቂ ይሰንፋል። አስቸጋሪ ፊልም ሲመጣ «ይህ የፎረም ፊልም ነው» ማለት ይቀላል፤ ቀዩ ምንጣፍ፣ የጋዜጠኞች ካሜራና ፊልም ገዢው ግን ያሉት በዋናው በር ነው። ከደቡቡ ዓለም፣ ማለትም ከአፍሪካ፣ ከእስያና ከላቲን አሜሪካ፣ የሚመጡ ፊልሞች ለብዙ ዓመታት ይህ ደርሶባቸዋል። እንዲህም ሆኖ አንድ በር ብቻ ያለውን ቤት ከሁለት በር ካለው አላስበልጥም፤ 1970 አንዱ በር ሲዘጋ ምን እንደሚሆን አሳይቷል።

ዋናው ውድድር ራሱ ትምህርት እንደ ወሰደ የታየው በ1979 ነው። ፌስቲቫሉን ባወርን የተካው ቮልፍ ዶነር ይመራው ነበር። የማይክል ሲሚኖ «ዘ ዲር ሃንተር» ቀረበ፤ እንደገና ቬትናም። በዚህ ጊዜ የተቆጡት ከወዲያኛው ወገን ናቸው። የሶቭየት ኅብረት ልዑክ ፊልሙ የቬትናምን ሕዝብ ያዋርዳል ብሎ ተቃወመ፤ የሶሻሊስት አገሮቹ ፊልሞቻቸውን ይዘው ወጡ። ከዳኞቹም የቼኮስሎቫኪያዋ ቬራ ሂቲሎቫና የሃንጋሪው ፓል ጋቦር ለቀቁ። ሙግቱን ከ1970ው ጋር አስተያዩት፤ «ይህ ፊልም ሕዝብን ያስቀይማል፣ ይውጣ» የሚለው ቃል በቃል የሚቀራረብ ነው። ያኔ አሜሪካን ለመከላከል ተባለ፣ አሁን አሜሪካን ለመክሰስ። ፌስቲቫሉ ግን ፊልሙን አላስወጣም። የቀሩት ዳኞች ሥራቸውን ጨረሱ፣ ወርቃማው ድብም ለፔተር ሊሊየንታል «ዳዊት» ተሰጠ። የሄዱት አገሮች በቀጣዮቹ ዓመታት ተመለሱ።

የሶቭየቶቹ ቅሬታ ባዶ ነበር አልልም። በዚያ ፊልም ውስጥ ያሉት ቬትናማውያን ፊት ያላቸው ሰዎች አይደሉም፤ ይጮኻሉ፣ ያሠቃያሉ፣ ይሞታሉ። ይህን አደባባይ ላይ መናገር ተገቢ ነው። ሁለቱን ዓመታት ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ሌላ ነው። በርሊን ውስጥ ስለ ቬትናም ሁለት ጊዜ ከባድ ጠብ ተነሣ። የመጀመሪያውን ፊልም የሠራው ጀርመናዊ ነው፤ ሁለተኛውን አሜሪካዊ። በ1970 የተገደለችውን ልጅ የተጫወተችው የባቫሪያ ልጅ ናት። በ1979 ለቬትናም ሕዝብ ክብር የተናገሩት ከሞስኮ የመጡ ሰዎች ናቸው። ሁሉም ስለ እነርሱ ይናገራል። ከአንድ መንደር ተጠልፋ የተወሰደች ልጅ ጉዳይ የዓለምን ትልቅ ፌስቲቫል እስኪያፈርስ ድረስ ሲያከራክር፣ በክርክሩ መሃል የልጅቷ አገር ሰው የሠራው ፊልም አልነበረም። የአንድን ፌስቲቫል ዝርዝር ስመረምር ከዚህ ጉዳይ የተማርኩትን ጥያቄ ሁልጊዜ አነሣለሁ። ስለ ማን ይናገራል ብቻ አልልም፤ ማን ሠራው፣ ከየትስ ቆሞ ነው የሠራው እላለሁ።

ስለ ባወር አንድ ነገር መታከል አለበት። በ2020 የጀርመኑ «ዲ ሳይት» ጋዜጣ ባወር በናዚ ዘመን በፊልም አስተዳደሩ ውስጥ የነበረውን ቦታ አወጣ፤ ራሱ ሲናገር ከኖረው እጅግ የከፋ ነበር። ፌስቲቫሉ በስሙ ይሰጠው የነበረውን ሽልማት አቆመ። «ኦ.ኬ.» አንድ ሰው ልብስ ሲለብስና ልብሱ የሚያደርገውን ሲያደርግ የሚያሳይ ፊልም ነው። በ1970 ያ ፊልም ሲያከራክር ፌስቲቫሉን የሚመራው ሰው የራሱን የድሮ ልብስ ደብቆ ነበር።

ቬርሆቨን ወደ በርሊን ተመልሷል። በ1990 በዋናው ውድድር ቀርቦ የምርጥ ዳይሬክተርን የብር ድብ ወሰደ። ያ ፊልም ደግሞ የአንድ የባቫሪያ ከተማ ሰዎች በናዚ ዘመን ያደረጉትን ቆፍራ ስለምታወጣ ወጣት ሴት ነው፤ በ1970 ማንም ያላነሣው የክሱ ግማሽ።

ፎረሙ ደግሞ በ1983 ከቬትናም ጦርነት ጋር የተያያዘ አንድ ፊልም ተቀበለ፤ ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ስለሚሆነው ነገር የሚናገር። ከዚያ ጦር ሜዳ የተመለሰ ጥቁር አሜሪካዊ ወታደር፣ አገሩ ገብቶም ጦርነቱ ከራሱ አልወጣ ብሎት ይንከራተታል። ርዕሱ «አሽስ ኤንድ ኤምበርስ» ነው፤ የሠራው ኃይሌ ገሪማ። በፎረሙ ውስጥ የዓለም አቀፉን የፊልም ሐያስያን ማኅበር ሽልማት አገኘ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1993፣ ኃይሌ «ሳንኮፋ»ን ይዞ በርሊን ሲመጣ የቀረበው በዋናው ውድድር ነበር።